ከበረካው ጋር አንድ ቁራጭ

ሰሞኑን ስለ ቸኮሌት ሳነብ ነው የሰነበትኩት። ምክንያቱ እናቴ ናት። ግፊት አለባት። ኪኒኗን ጠዋት ጠዋት ትውጣለች፤ የነፍስ አባቷ ስለፈቀዱላት ሁዳዴም ቢሆን አታቋርጥም። ታዲያ አንዲት ጎረቤታችን ስልኳ ላይ ያየችውን ይዛ መጣችና «ጥቁር ቸኮሌት ግፊትን ድራሹን ነው የሚያጠፋው፤ ኪኒኑን ተይው» አለቻት። ኪኒን ደግሞ እናቴን ካሰለቻት ቆይቷል። ማታ ዕቃ እያጣጠብን «እውነት ነው እንዴ ልጄ?» ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ የሰማሁት ተስፋ አስደነገጠኝ።

«ውሸት ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ግን ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ እኔን የሚያሰጋኝም እሱ ነው። ስለዚህ በደንብ አንብቤ የሚገባትን ያህል ልነግራት ወሰንኩ።

በማግስቱ ፀሐዩ በረድ ሲል ሐይቁ ዳር ይዣት ወጣሁ። መጋቢት ባሕር ዳርን እንዴት እንደሚያቃጥላት የሚያውቅ ያውቀዋል። ክብራን ገብርኤል ያለበትን ደሴት ፊት ለፊት እያየን ስለ ሌላ ደሴት ነገርኳት። ፓናማ የምትባል አገር አለች፤ በካሪቢያን ባሕር በኩል ባሉት ትንንሽ ደሴቶቿ ላይ ኩና የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ኖርማን ሆለንበርግ የተባለ የሃርቫርድ ሐኪም ለዓመታት አጥንቷቸዋል። እዚያ ሰው ሲያረጅ ግፊቱ አብሮት አያድግም። ከደሴቱ ወጥተው ፓናማ ሲቲ የገቡት ዘመዶቻቸው ግን እንደ ማንኛውም ከተሜ ዕድሜያቸው ሲገፋ ግፊታቸውም ይጨምራል። ዘሩ አንድ ስለሆነ በዘር ነው ማለት አይቻልም። ደሴተኞቹ ታዲያ በቀን ደጋግመው የሚጠጡት ነገር አለ፤ ኮኮዋ፣ ቸኮሌት የሚሠራበት ፍሬ።

እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «እዚያ የሚኖረውኮ ታንኳውን ይቀዝፋል፣ ዓሣውን ይበላል፣ በጊዜ ይተኛል። ከተማ የገባው መች ይቀዝፋል?» አለችኝ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። በዚያ ጥናት ላይ በየጊዜው የሚነሣው ጥያቄ ግን ይኸው የእሷ ጥያቄ ነው። ጤናው ከኮኮዋው ይሁን ከቀዘፋው በማየት ብቻ አይለይም። ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለገሚሱ ኮኮዋ ያለበትን፣ ለገሚሱ የሌለበትን ሰጥቶ መለካት ያስፈልጋል።

ይህም ተሠርቷል። በፈረንጆቹ 2007 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ የተካሄደው ጀርመን ኮሎኝ ውስጥ ነው። ግፊታቸው ከፍ ያለ ግን ገና ያልከፋባቸው 44 ሰዎች ለ18 ሳምንት በየቀኑ፣ ገሚሶቹ 6.3 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ ገሚሶቹ ነጭ ቸኮሌት በሉ። 6.3 ግራም ማለት ባለ 100 ግራሙ ቸኮሌት አሥራ ስድስት ቦታ ተቆርሶ አንዷ ናት። ጥቁሩን የበሉት የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ2.9፣ የታችኛው በ1.9 ወረደ። ነጩን የበሉት ላይ ለውጥ አልታየም። ነጭ ቸኮሌት የኮኮዋ ቅቤ እንጂ ጥቁሩ የኮኮዋ ክፍል የለውም፤ ሥራውን የሠራው ያ ጥቁሩ ክፍል ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ሙከራዎች በዝተዋል። በ2017 ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝን ድርጅት 35ቱን ሰብስቦ፣ 1,804 ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመዝን የላይኛው ግፊት የወረደው በአማካይ 1.8 ያህል ሆኖ ተገኘ።

እኔን ደስ ያሰኘኝ አሠራሩ ነው። የደም ሥራችን የውስጥ ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ በጥቂት በጥቂቱ ያመነጫል። ጋዙ ዙሪያውን ያለውን ጡንቻ ያላላዋል፤ ሥሩ ይሰፋል፤ ደም ሳይታገል ያልፋል። ኮኮዋ ውስጥ ያሉት ፍላቫኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች፣ በተለይ ኤፒካቴኪን የሚባለው፣ ግድግዳው ይህን ሥራውን እንዲሠራ ያግዙታል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 መርምሮ፣ በቀን 200 ሚሊግራም የኮኮዋ ፍላቫኖል የደም ሥርን የመለጠጥ ችሎታ ለመጠበቅ እንደሚረዳ ተቀብሏል። መራራ ፍሬ ከሰው ደም ሥር ጋር እንዲህ መግባባቱን ሳስብ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ለእናቴ ግን ቁጥሩን ነው የነገርኳት። «እማየ፣ ግፊትሽ 150 ቢሆን ቸኮሌቱ 147 ቢያደርግልሽ ነው። ኪኒንሽ ግን አንዱ ብቻውን በአማካይ ወደ ዘጠኝ ያወርዳል።»

«ሦስት ብቻ?»

«እሱም ከተሳካ።»

ቅር አላት። ደንገሉ ጥግ ቆማ ውኃውን ስታይ ቆየችና «ሦስትስ ቢሆን ከየት ይገኛል?» አለች። ከኔ ንባብ ሁሉ ይልቅ ነገሩን በልኩ ያስቀመጠው ይህ ንግግሯ መሰለኝ። ኪኒኑ በቦታው ይቀጥላል፤ ሦስቷም ከመጣች እሰየው።

ትልቁን ጥናት አልነገርኳትም፤ እዚህ ግን ልጻፈው። ኮስሞስ ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ነው የተካሄደው። 21,442 በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ገሚሶቹ በቀን 500 ሚሊግራም የኮኮዋ ፍላቫኖል በእንክብል፣ ገሚሶቹ ባዶ እንክብል ወሰዱ። በ2022 የወጣው ውጤት ድብልቅ ነው። የልብ ሕመሙንና ስትሮኩን አንድ ላይ ሲቆጥሩት ልዩነቱ አስተማማኝ አልሆነም። በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ግን ኮኮዋውን ከወሰዱት መካከል በ27 በመቶ አነሱ። ጥናቱ በዋናነት ሊመልስ የተነሣው ጥያቄ የመጀመሪያው ስለነበር ሁለተኛው ተስፋ ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ገንዘቡን በከፊል የሰጠው ቸኮሌት አምራቹ ማርስ መሆኑንም አንባቢ ሊያውቅ ይገባል። ደግሞም እንክብል ነው፤ ስኳር የለው፣ ቅባት የለው። ያን ያህል ፍላቫኖል ከሱቅ ቸኮሌት ላግኝ የሚል ሰው ስንት ስኳር አብሮ ሊውጥ ነው?

ወደ ስኳሩ ከመጣሁ ዘንድ እቤታችን ያለው ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ አቦሉ ላይ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ቶናው ላይ ሁለት፣ በረካው ላይ ሁለት ትጨምራለች። አንድ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ያህል ነው፤ በአንድ የቡና ሥርዓት 24 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው ምክር አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው እንዲህ ያለ የተጨመረ ስኳር ቢቻል ከ25 ግራም እንዲያንስ ይላል። እናቴ የቀኑን በአንድ ረከቦት ትጨርሰዋለች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ከጠራት ሌላ 24። በዚህ ላይ «ለጤና ነው» ብዬ የወተት ቸኮሌት ብጨምርላት፣ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነውና ለግፊቷ የረዳሁ መስሎኝ በሌላ በኩል ስኳር በሽታ ልጋብዝባት ነው።

ስለዚህ የደረስንበት ስምምነት መጨመር ሳይሆን መለወጥ ነው። በረካውን ያለ ስኳር ትጠጣለች፤ ከጎኑ አሥር ግራም የምትሆን አንድ ቁራጭ ጥቁር ቸኮሌት ታገኛለች። ከመቶ 70 ኮኮዋ ያለበት ከሆነ በቁራጯ ውስጥ ያለው ስኳር ሦስት ግራም ገደማ ነው። ስምንት ግራም ቀርቶ ሦስት ገባ። ኃይል ሰጪነቷም 60 ካሎሪ ያህል ስለሆነች ብዙ አትከብድም፤ ግማሹን ቸኮሌት በአንዴ ብትበላው ግን 300 ነው፤ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

መጀመሪያ ስትቀምሰው ፊቷን አኮሳተረች። «ይሄማ መድኃኒት ነው!» እንዳታኝከው ነገርኳት። የኮኮዋ ቅቤ የሚቀልጠው ወደ 34 ዲግሪ ላይ ነው፤ የአፋችን ሙቀት ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ምላስ ላይ ከተዉት ራሱ ይቀልጣል፣ ምሬቱም ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ጣዕም ይዞራል። ዝም ብላ ጠበቀች። ቡናውን ፉት አለች። «ቆየት ሲል ጥሩ ነው» አለች፤ ከእሷ ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። እኔ ደግሞ ያኔ የገባኝ፣ በልኩ መብላት ከባድ የሚሆነው ቶሎ ቶሎ ለሚበላ ሰው መሆኑ ነው። በሲኒ ቡና ልክ ቀስ ተብሎ ሲበላ አንዷ ትበቃለች።

ግዢው ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እዚህ ሱቆች ውስጥ ቸኮሌት ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ስኳርና የአትክልት ቅባት ሆኖ ኮኮዋው ለስም ያህል ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዝርዝር ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሚደረደር መጀመሪያ የተጠቀሰውን ማየት ነው። ስኳር ከቀደመ መልሰው ያስቀምጡት። ኮኮዋው በአልካላይ የታከመ መሆኑ ከተጻፈም ምሬቱን ለማለዘብ ሲባል ፍላቫኖሉ አብሮ ተጎድቷል። ለጾምም ማንበብ ይጠቅማል፤ ጥቁር የተባለ ሁሉ የጾም አይደለም፤ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ቅባት የገባበት አለ። እናቴ እንግሊዝኛውን ስለማታነብ ሳልመረምርላት አታስነካውም።

ሌላው የከተማችን ሙቀት ነው። መስታወት ሥር ፀሐይ እየመታው የዋለ ቸኮሌት ላዩ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ያወጣል። ሰው ሻገተ ብሎ ይጥለዋል። ሻጋታ አይደለም፤ ቀልጦ ተመልሶ ሲረጋ ወደ ላይ የወጣ የኮኮዋ ቅቤ ነው። ጣዕሙ ይደበዝዛል እንጂ አይጎዳም።

ብረትና ማግኒዥየም አለው እያሉ የሚያሞግሱትም አሉ። እውነት ነው፣ አለው። ነገር ግን በአሥር ግራም ውስጥ ስንት ሊኖር? ጤፍና ምስር እቤቱ ያለ ሰው ለብረት ብሎ ቸኮሌት ፍለጋ መውጣት የለበትም።

ስለ ልጆችና ስለ ነፍሰ ጡሮች ግን ልቤ ያዝ ያደርገኛል። ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ ካድሚየምና ሊድ (እርሳስ) የሚባሉ፣ ሰውነት ውስጥ ሲበዙ የሚጎዱ ብረቶች ተገኝተዋል። ካድሚየሙ ዛፉ ከአፈሩ የሚስበው ነው፤ ሊዱ ደግሞ በአብዛኛው ፍሬው ተለቅሞ ሲሰጣ ከአቧራ የሚያርፍበት ነው። አልፎ አልፎ ለሚቀምስ አዋቂ የሚያስፈራ አይደለም፤ በየቀኑ ብዙ መብላት ግን ለእነዚህ ሰዎች አልመክርም። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ የሚለውም ማታ ባይበላው ይሻላል፤ ከቡና በጣም ቢያንስም ካፌይን አለበት። ቃር የሚያስቸግረውንም ሊያስነሣበት ይችላል።

ዋጋው እንደሆነ ራሱ ልክ ያስይዛል። ከዓለም ኮኮዋ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ነው። እዚያ የአየር ጠባዩ ከፋ፣ ዛፉም ታመመ፤ በ2024 የአንድ ቶን ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ። ገበሬው ከዚያ ስንቱ እንደደረሰው ሳስብ ሆዴ ይባባል። የዘጌ ቡና ለቃሚዎችን እያየ ላደገ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ጎረቤታችንን ትናንት ቡና ላይ አገኘኋትና ቁጥሮቹን ነገርኳት። አልተቆጣችም። እሷም ግፊት እንዳለባትና ሁለት ሳምንት ኪኒኗን እንደተወችው ያኔ ነው የነገረችን። እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ «ነገ አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አለቻት። ዛሬ ጠዋት ሄደው ተለኩ። የጎረቤታችን ከፍ ብሎ ስለነበር መድኃኒቷን ዛሬውኑ እንድትጀምር ተነገራት፤ ጀምራለች።

ማታ ላይ ለወንድሜ ጻፍኩለት። ለፋሲካ ሲመጣ ሁልጊዜ ሻንጣ ሙሉ የወተት ቸኮሌት ያመጣል። «ዘንድሮ እሱን ተወው። ጥቁሩን፣ ከመቶ 70 ኮኮዋ ያለውን፣ ዝርዝሩ ላይ ወተት ያልተጻፈበትን ሁለት ፍሬ አምጣ፤ ይበቃል። በተረፈው ቦታ የግፊት መለኪያ ያዝ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን ክንድ ላይ የሚታሰረውን፤ እሱ ይሻላል። ሁለት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ አንዱ ለጎረቤታችን ነው።»