ከባዛልቱ ሥር ምን አለ? የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ለነዳጅ ፍለጋ፦ ከጅማ የልምድ ማካፈያ

የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገቦችን እያነበብኩ የከርሰ ምድርን አወቃቀር መለማመድ ከጀመርኩ ወዲህ የያዘኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ እንደ ጅማ በባዛልት በተሸፈነ አካባቢ፣ ከሥሩ ነዳጅ ሊያቁር የሚችል ደለል ዓለት መኖር አለመኖሩ እንዴት ይታወቃል? በከተማችን ዙሪያ ለቤት መሠረት የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልቱ፣ ጥንት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ላቫ ነው፤ ከእሱ በታች ያለውን ግን ዓይን አያየውም።

በነዳጅ ፍለጋ የተለመደው ዘዴ በፈንጂ ወይም በነዛሪ ከባድ መኪና ሞገድ ወደ ምድር ልኮ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን መቅዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የካሉብ ጋዝ የተገኘበት የኦጋዴን ተፋሰስ በአብዛኛው ደለል ስለሆነ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው። ባዛልት ሲደርብበት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የላቫው ንጣፎች ፈጣኑን ንዝረት ስለሚበታትኑት ከሥር የሚመለሰው ምልክት ይደበዝዛል። ከሩቅ አገር የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣው ሞገድ በአንጻሩ ንዝረቱ ዝግተኛ፣ ርዝመቱም ትልቅ ከመሆኑም በላይ ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ባዛልቱ ብዙ አያውከውም።

ልምምዱን የጀመርኩት በአዲስ አበባ አጠገብ ባለው የፉሪ ተራራ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ መዝገቦች ነው። ከፈንታሌ አካባቢ በተነሣ ንዝረት መጀመሪያ ዓለቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ የሚጓዘው ፈጣኑ የፒ ሞገድ በቀጭኑ ይደርሳል፣ ቆይቶ ዓለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚጓዘው የኤስ ሞገድ ጎላ ብሎ ይከተላል፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ በሰከንድ ተቆጥሮ በ8 ሲባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግርድፉ ይሰጣል። 18 ሰከንድ ከሆነ 144 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ የሚከብደው የሩቅ ንዝረቶችን ማንበብ ነው፤ የፒ ሞገድ የምድር ቅርፊትና ከሥሩ ያለው ንጣፍ፣ ማንትል፣ የሚገናኙበትን ወሰን ሲያቋርጥ ከፊሉ ወደ ኤስ ይለወጥና 5 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 በኢትዮጵያ ከተተከሉት ጊዜያዊ ጣቢያዎች አንዱ እዚሁ ጅማ ነበር፤ ከነዚያ መዝገቦች በተሠራው ጥናት የደጋው ቅርፊት ከ33 እስከ 44 ኪሎ ሜትር ውፍረት እንዳለው ታውቋል። ከባዛልት በታች ወፍራም ደለል ቢኖር ደግሞ ሌላ የተለወጠ ሞገድ ከፒ በኋላ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ሊታይ ይችላል፤ እኔም አሁን የማተኩረው በዚህች ጠባብ ክፍል ላይ ነው።

ይሁንና ዘዴው ነዳጅ ያሳያል ብሎ መናገር ማጋነን ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚነዝር የኤስ ሞገድ በጠንካራ ዓለት ውስጥ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ ነዳጅ የሚያቁረውን የጥቂት አስር ሜትሮች ንጣፍ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። የሚያሳየው የተፋሰሱን ጥልቀትና ጠርዝ፣ የስምጥ ስብራቶችንና ደለሉ የተከማቸበትን ስፍራ ነው። በእኔ አስተያየት ዋጋው ውድ የሆነው የነዛሪ መኪና ሥራ የት ቢሰማራ እንደሚያዋጣ አስቀድሞ ለመወሰን ይህ መረጃ አይናቅም።