የ1966ቱን ቮልስ ጌጆች ያደስኩበት መንገድ

ከአባቴ የወረስኩት ቮልስ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1966 ምርት፣ ባለ 1300 ሞተር ነው። ክሩስኮቱ ላይ ያሉት ጌጆች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ትልቁ ክብ የፍጥነት መለኪያና ከጎኑ ያለው የነዳጅ ጌጅ። የፍጥነቱ ቀስት እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረኝ፣ መስታወቱም ከውስጥ ስለደበዘዘ ሁለቱንም ፈትቼ ለማደስ ተነሣሁ።

መለኪያው የሚፈታው በፊት የዕቃ ማስቀመጫው በኩል ነው። የካርቶን መሸፈኛውን አንሥቼ፣ የጎማውን መሽከርከር ወደ መለኪያው የሚያደርሰውን ካቦ ፈታሁ፤ የአምፖሎቹንም ገመዶች አንድ በአንድ በፕላስተር ምልክት አድርጌ አወጣሁት። ክፈፉ ብሎን የለውም። ጠርዙ ዙሪያውን የታጠፈ ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ እንዳይሰነጠቅ በቀጭን ካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት እያልኩ ለመክፈት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት የቁጥሮቹን ገጽ ሳጸዳ ነው። አልኮል የነካ ጥጥ 60 ላይ አንድ ጊዜ ባሳርፍ የስድስቷ ግማሽ ከጥጡ ጋር መጣ። በአጉሊ መነጽር እያየሁ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ቀለም በመርፌ ጫፍ እየነካካሁ ጠገንኳት፤ ንጹሕ ነጭ ብጠቀም ኖሮ ካረጁት ቁጥሮች መካከል እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ታስታውቅ ነበር። የቀረውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ጠረግሁ።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነበር። በካቦው የሚሽከረከር ማግኔት አንድ የአሉሚኒየም ቆብ ይዞ ለመዞር ይጎትታል፤ ቆቡን የሚመልሰው ጸጉር የሚያህል ስፕሪንግ ነው። ቀስቱ ዜሮ ላይ የሚቆመው ትንሿ ማቆሚያ ስለያዘችው እንጂ የስፕሪንጉ ትክክለኛ ማረፊያ ከዚያ በታች ነው። ይህን ሳላስተውል፣ ማረፊያውንም ምልክት ሳላደርግ ቀስቱን ነቅዬ፣ እንዳይከብደው ስስ ቀለም ቀብቼ፣ ማቆሚያዋ ላይ አስደግፌ መለስኩት። ቀለበት መንገድ ላይ የስልኬ ጂፒኤስ 60 ሲያሳይ መለኪያው 70ን አለፈ። ደግነቱ ክፈፉን በፕላስተር ብቻ ይዤው ስለነበር፣ ቀስቱን ዝቅ እያደረግሁ በሦስተኛው ሙከራ አስተካከልኩት።

የነዳጁ ጌጅ ከታንከሩ ተንሳፋፊ በሽቦ የሚሳብ በመሆኑ ከማጽዳት ያለፈ ሥራ አልጠየቀም። ባለ 6 ቮልት አምፖሎቹን ፍለጋ ግን ሶማሌ ተራን ሁለት ቀን ዞሬበታለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መንቀጥቀጡ አልቀረም። የቮልስ ካቦ የሚነሣው ከግራው የፊት ጎማ መካከል ነው፤ ከዚያ ስቤ ሳወጣው ቅባቱ ደርቆ ሰም መስሏል። አጥቤ ግራሶ ቀባሁት፤ ቅባቱ ወደ መለኪያው እንዳይወጣ ከላይኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ሳልቀባ ተውኩ። ዛሬ ብጀምረው መጀመሪያ የምፈታው ይህንኑ ካቦ ነበር። ክፈፉን መልሼ ያጠፍኩት፣ ቀስቱ 60 ላይ ሳይነቃነቅ መቆሙን ካየሁ በኋላ ነው።