ሁለት ነጥብ አምስት ኪሎኸርዝ

ዛሬ ከሥራ መልስ አመሻሹን ያሳለፍኩት ከሌሎች የሬዲዮ ወዳጆች ጋር ከምነጋገርበት ከአዲሱ የእጅ አማተር ሬዲዮዬ ጋር ስታገል ነው። የምኖርበት የጀርመን ከተማ ሪፒተር (የትንንሽ ሬዲዮዎችን ድምፅ ተቀብሎ ርቆ እንዲሰማ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) በ145.6375 ሜጋኸርዝ ያስተላልፋል፤ እኔ ግን ማዞሪያውን ወደ ላይም ወደ ታችም ባዞር ከ145.635 በቀጥታ ወደ 145.640 እየዘለለ መሀል ላይ አልቆም ስላለኝ፣ የሰዎቹ ድምፅ ሻክሮ ይሰማኝ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንቴናውን ነው፤ ሁለት ጊዜ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት።

ለካስ ጥፋቱ የመቃኛ እርምጃው ኖሯል። ሬዲዮው በእያንዳንዱ ቀጭታ 5 ኪሎኸርዝ እንዲራመድ ተደርጎ ነበር፤ በአውሮፓ ደግሞ ሪፒተሩ በሚገኝበት የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ማለትም በ2 ሜትር ባንድ ላይ፣ የኤፍ ኤም ቻናሎች የሚደረደሩት በ12.5 ኪሎኸርዝ ልዩነት ስለሆነ፣ ከ145.600 ተነሥቶ በአምስት በአምስት የሚቆጥር ሬዲዮ የእኛን ሪፒተር ፈጽሞ አያገኘውም። እርምጃውን 12.5 አድርጌ ከ145.600 ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ባዞረው ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ።

የሚያናድደኝ ነገሩን ማወቄ ነው። ቤት ባለው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ኤስ ኤስ ቢ (ከኤፍ ኤም የተለየ የድምፅ ማስተላለፊያ ዘዴ) ሳዳምጥ፣ በ100 ኸርዝ ስሕተት እንኳ የተናጋሪው ድምፅ ስለሚቀጥን ወይም ስለሚወፍር፣ እርምጃውን 10 ኸርዝ ላይ አኖረዋለሁ፤ ባንዱን ስቃኝ ብቻ ወደ 1 ኪሎኸርዝ ከፍ አደርገዋለሁ።

በመጨረሻ ሪፒተሩ እኔን ወደሚሰማበት እንዲደርስ የሬዲዮዬን የማስተላለፊያ ፍሪኩዌንሲ በ600 ኪሎኸርዝ ዝቅ አድርጌ የጥሪ ምልክቴን ስናገር፣ አንድ አዛውንት ወዲያው መለሱልኝና ስለ ብርዱ ጥቂት ተጨዋወትን።