የጎፍ ላይ፣ በእጅ ባትሪ

ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላስታውስም። የጎፍ ደንን ግን ሁሌም ከመኪና መስኮት ነበር የማየው። ዘንድሮ እስስት ፍለጋ ገባሁበት።

ኮምቦልቻ የያዝኩት አልጋ እንቅልፍ የሚያስተኛ አልነበረም። ቁንጫው ሳያንስ፣ ከሥር ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሙዚቃውን ለቆታል። ጠዋት ደግሞ ባጃጁ 300 ብር ተቀበለኝ፤ ዋጋው ግማሹ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። በጣም ተናደድኩ።

ንዴቴን ያበረዱልኝ የደን ጠባቂው ናቸው። "አብሽር ልጄ፣ ቀን ከቅጠል አይለይም፤ ማታ እናገኘዋለን" አሉኝና ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። እስከ በረካው ድረስ መነሳት የለም።

ሁለት ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘን ገባን። ታች ባሕር ዛፉንና ፈረንጅ ጽዱን ዞርን፤ ምንም። ወደ ወይራውና ወደ አገሩ ጽድ ከፍ ስንል፣ አጋም ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ነገር ታየኝ። ተኝቷል። ጅራቱን ጠቅልሏል። ጣቶቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ተጣብቀው፣ ቅርንጫፏን እንደ ጉጠት ይዘዋታል። ብርሃኑ ሲያርፍበት አንድ ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፤ ሌላው ንቅንቅ አላለም።

"ልጆች ካዩት በድንጋይ ነው" አሉ ጠባቂው በሹክሹክታ። "መርዝ አለው ይባላል። እኔም በልጅነቴ ገድያለሁ።" መርዝ እንደሌለው፣ ምግቡም ዝንብና ፌንጣ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ባሌ፣ ሐረና ደን ሄጄ ነበር። የዚያ አገሩ ባለ ሁለት ቀንድ እስስት ለሳይንስ የተዋወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከባሌ ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። ታዲያ ዛፎቹ ቆመው፣ ሥራቸው ያለው ቁጥቋጦ ለቡና ሲመነጠር አይቼ አንጀቴ ተቃጥሏል። አዲስ አበባም ችግኝ ተከላ ስንወጣ የምንቆጥረው ዛፍ ብቻ ነው። አጋሙን ማን ይቆጥረዋል? እንዲህ ያለ ፍጥረት የሚያድረው ግን እሱ ላይ ነው።

ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። ጠባቂው ባትሪውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"ይተኛበት" አሉ።

ስልኩን መለስኩት። መንገዱን እሳቸው እየመሩ በጨለማ ወረድን።