ለማስታወሻ የትኛው ዋይትቦርድ ይሻላል?

የዋይትቦርድ አፕ፣ ማለትም ስክሪን ላይ ሀሳባችሁን በካርድና በቀስት የምታያይዙበት ሰሌዳ፣ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። የምትጽፉት ነገር የሚቀመጠው የት ነው? እናንተ ላፕቶፕ ላይ ነው ወይስ የሰው ሰርቨር ላይ? ካርዱም፣ ቀስቱም፣ ቀለሙም ሁሉም አፕ ላይ አለ፤ የሚለያያቸው እሱ አይደለም።

ይህን አጥብቄ የምለው በጃምቦርድ ምክንያት ነው። የጉግል ዋይትቦርድ ነበር፤ በተለይ አስተማሪዎች በደንብ ይሠሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደሚዘጋ ተነገረ፣ በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ሰሌዳውን ወደ ሌላ አፕ ማዛወር ወይም በፒዲኤፍ ማውረድ ይቻል ነበር። ግን ፒዲኤፍ የሆነ ሰሌዳ ላይ ካርድ አንስታችሁ ሌላ ቦታ አታደርጉም፣ ቀስትም አትቀይሩም፤ ፎቶ ነው በቃ። ጉግልን የሚያህል ኩባንያ እንዲህ ካደረገ ትናንሾቹ ምን ዋስትና አላቸው?

ስለዚህ ለራሴ ማስታወሻ ኦብሲዲያን የሚባለውን የማስታወሻ አፕ መርጫለሁ። ካንቫስ የሚባለው ሰሌዳው የመጣው በ2022 መጨረሻ ነው። ማስታወሻዎቹ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ሆነው እኔው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፣ የሰሌዳው ፋይል አሠራርም ከ2024 ጀምሮ ለማንም ክፍት ስለሆነ ሌላ አፕ ሊያነበው ይችላል። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ካርድ ላይ በቀጥታ የጻፋችሁት ነገር እዚያው ካንቫስ ፋይል ውስጥ ይቀራል እንጂ ራሱን የቻለ ማስታወሻ አይሆንም፤ ዋና ሀሳብ ከሆነ ካርዱን ወደ ፋይል ቀይሩት። ስልክ ላይ ይጠባል። አብሮ ለመሥራትም አይሆንም።

አብሮ ለመሥራት ሚሮ ነው። ነፃው 3 ሰሌዳ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ኔትወርክም ይፈልጋል፣ ሰሌዳው ሲሞላ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይንቀራፈፋል። ቢሆንም ቡድኑ በየከተማው የተበተነ ከሆነ እሱን ነው የምመክረው።

ቶሎ ንድፍ ለመሞነጫጨር ኤክስካሊድሮው በጣም ያስደስተኛል። አካውንት አይጠይቅም፣ ብራውዘር መክፈት ነው። ግን ሥራችሁ ብራውዘሩ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ የብራውዘሩን ዳታ ካጸዳችሁ አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ፋይሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ ሴቭ አድርጉ። በእጅ የተጻፈ የሚመስለው ፎንቱ ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅም። አማርኛ ስትጽፉ በተራ ፎንት ይመጣል፣ ከሥዕሉ ጋርም አይገጥምም። አንድ የፎንት ባለሙያ ይህን ቢሠራልን እንዴት ደስ ባለኝ!

ሄፕታቤዝ በአስተሳሰቡ ከሁሉም ይበልጥብኛል። አንዱን ካርድ ብዙ ሰሌዳ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ አንዱ ጋ ስታርሙት ሁሉም ጋ ይታረማል። ግን ክፍያ አለው፣ አገር ቤት ላለ ተማሪ ደግሞ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ውጭ ያላችሁ ግን ሞክሩት። የአፕል ፍሪፎርም ነፃ ነው፣ አይፓድና እስክሪብቶው ላለው ሰው ምቹ ነው፤ አንድሮይድ ለያዘ ጓደኛችሁ ግን አይሆንም።

ስትሞክሩ ባዶ ሰሌዳ ላይ ሁለት ካርድ አስቀምጣችሁ አትፍረዱ። እያጠናችሁት ያለ ነገር አምጡ። ታሪክ ከሆነ የውጫሌን ውል፣ ክፉ ቀንን፣ በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የአድዋን ጦርነት በየካርዱ አስቀምጡና የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በቀስት እያያዛችሁ፣ መሃል ላይ የጎደለውን እየጨመራችሁ፣ ሰሌዳው እስኪጨናነቅ ድረስ ሥሩበት። አፑ የሚለየው ሲጨናነቅ ነው። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉና እንደገና ክፈቱት። ፋይሉንም አውርዱና ሌላ አፕ ላይ ይከፈት እንደሆነ እዩ፤ እምቢ ካለ ወደ ሌላው እለፉ።