የቪጎዬ ጎማና ስፔሰር፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት የለካሁት

ጥቅምት ላይ የቪጎዬ ጎማዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. የ2012 ሞዴል ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። የነበራት ጎማ 265/65 አር 17 ነው። መግዛቴ ካልቀረ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ልግጠምላት፣ በዚያውም ያጎነበሰውን ፊቷን ቀና ላድርግላት ብዬ ተነሳሁ። አሁን የካቲት ነው፤ ሥራው አልቋል። ይህን ሥራ የምታስቡ ካላችሁ የለካሁትን ላካፍላችሁ። የተሳሳትኩትንም ጭምር።

በመጀመሪያ ቁጥሩ። 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ሲደመር የድሮው ጎማ ከላይ እስከ ታች 776 ሚሊ ይሆናል። የመረጥኩት 265/70 አር 17 ደግሞ 803 ሚሊ ነው። ልዩነቱ 27 ሚሊ ቢሆንም መኪናዋን ከፍ የሚያደርጋት ግማሹ ነው፤ 13 ሚሊ አካባቢ። ግማሹ ከቸርኬው መሃል በላይ ስለሚቀር። ብዙ ሰው ትልቅ ጎማ ስላሰረ ብቻ መኪናው የሚያድግ ይመስለዋል። 285/70ም አምሮኝ ነበር። እሱ ግን 831 ሚሊ ነው፤ ፓራፋንጎ ሳልቆርጥ የሚገባ አልመሰለኝም። መቁረጥ ደግሞ አልፈለግሁም።

መርካቶ ጎማ ስትገዙ አንድ ነገር አደራ። ከጎማው ጎን ዶት (DOT) የሚል ጽሑፍ አለ። መጨረሻው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2217 ካለ እ.ኤ.አ. በ2017 በ22ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አንድ ሱቅ በጥሩ ዋጋ የቀረበልኝ ጎማ እንዲህ ያለ ነበር። ጥርሱ አዲስ ነው፤ ላስቲኩ ግን መጋዘን ውስጥ ዓመታት አሳልፏል። ትቼው ወጣሁ። ሌላው የመሸከም ቁጥሩ ነው። የድሮው 112 ይላል፤ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። አዲሱ 121 ነው፤ 1,450 ኪሎ። ጥንካሬው በነፃ አይመጣም። ጎሚስታው ጋ ባለው ሚዛን ከነቸርኬው መዘንኩት፤ የድሮው 29 ኪሎ፣ አዲሱ 34 ኪሎ ወጣ። ፍሬን ስትይዙና ከቆመበት ስትነሱ ይህች 5 ኪሎ ትሰማለች። የገዛሁት አምስት ነው። ባለ ፎር ዊል መኪና ላይ ትርፍ ጎማው ከሌሎቹ ካነሰ፣ ፎር ዊል ባስገባችሁ ቀን ዲፈረንሻሉ፣ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ማርሽ፣ ይጎዳል።

አሁን ፊቷን ከፍ ወደሚያደርገው ብረት፣ ወደ ስፔሰሩ እንምጣ።

ፒካፕ ባዶውን ሲቆም ኋላው ከፍ የሚለው በምክንያት ነው። ባሌስትራው፣ ማለትም ኋላውን የሚሸከመው የብረት ንብርብር፣ ጭነት ይጠብቃል። ስለዚህ ባዶውን አይቶ ፊቱን እኩል ማድረግ ማለት ጭነት ሲገባ ፊቱን ሰማይ እንዲያይ ማድረግ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ከገጠምኩ በኋላ ነው።

ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካሁ። እንዲህ ከለካችሁ የጎማው መጠን ውጤቱን አያዛባውም። ፊቱ 48.5 ሴንቲ፣ ኋላው 54 ሴንቲ ወጣ። የ5.5 ልዩነት አለ ብዬ 30 ሚሊ ስፔሰር ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ይህ ስፔሰር ከሞላውና ንጥረቱን ከሚያበርደው አሞርዛተር አናት ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ብረት ነው። ጎማውን የሚይዘው ክንድ ረጅም ስለሆነ፣ አናት ላይ የተጨመረችው 30 ሚሊ ጎማው ጋ ስትደርስ ወደ እጥፍ ትጠጋለች። ፊቱ 54.2 ገባ። አምራ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሰፈር ውስጥ የማያየኝ አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ለአማቾቼ ቤት የሚሆን 5 ኩንታል ሲሚንቶ ጫንኩ። ኋላው ከ54 ወደ 48.5 ወረደ። ፊቱ አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። መሪው ቀለለብኝ። ሌሊት ከአዳማ ወደ አሰላ ስወጣ ከፊት የሚመጣ ሁሉ መብራት ያበራብኝ ጀመር። የበራው አጭር መብራቴ ነው፤ ሰዎቹ ግን ረጅሙን ያበራሁ መስሏቸዋል። እውነትም ዓይናቸውን እያጠፋሁት ነበር። ያን ሌሊት ቀስ ብዬ፣ አፍሬም ነዳሁ።

ስመለስ መካኒኬ ጋ ሄድኩ። በክሪክ አንስቶ ጎማውን አንጠለጠለው። ከዚያ ባትሪ አብርቶ፣ "ልጄ፣ ና እስቲ ይችን እያት" አለኝ። የላይኛው ክንድ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላውን እየነካ ኖሯል። ሞላው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ቀለሟ ተልጦ ብረቱ ያበራል። ኃይሉን ወደ ፊት ጎማ የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንቱም፣ ከልክ በላይ ታጥፎ የላስቲክ ሽፋኑ እጥፋቶች እርስ በእርስ ይፋተጋሉ። ያ ላስቲክ ከተቀደደ ግራሱ ይፈስና አቧራ ይገባል፤ ጆይንቱ ብዙ አይቆይም። "ጋሼ፣ ይውጣ" አልኩት።

ሁለተኛውን ዙር ከጭነቱ ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ የምጭነው ከ2 እስከ 3 ኩንታል ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል ጭኜ ስለካ ኋላው 51 ሴንቲ ሆነ። ስለዚህ ፊቱ የሚያስፈልገው 2.5 ሴንቲ ብቻ ነው። 15 ሚሊ ስፔሰር ፈልጌ አስገባሁ፤ 51.4 መጣ። ባዶዋን ስትሆን አሁንም ትንሽ ታጎነብሳለች። ተውኩላት። ጎማው ሲንጠለጠል ክንዱ ሞላውን አይነካም፤ ባትሪ ይዤ ራሴ አይቻለሁ።

ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይህችን በደንብ ስሙኝ። አሞርዛተሩ አናት ላይ ዙሪያውን ሦስት ዳዶ አለ፤ መሃል ላይ ደግሞ አንድ። የሚፈታው ሦስቱ ነው። የመሃሉን በጭራሽ እንዳትነኩት። ሞላው ታምቆ የተያዘው በእሱ ነው፤ ያለ ሞላ መጭመቂያ ከተፈታ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ሌላው ደግሞ የታችኛው የአሞርዛተር ብሎን ነው። መጨረሻ ማጥበቅ ያለባችሁ መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው (ብሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ) ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይበላል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ሁሉንም ዳዶ እንደገና ፈትሹ።

ፊቱ ከተነሳ አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዘንበል ማስተካከል፣ ግዴታ ነው። እኔ ግን ከአላይመንቱ በፊት ጎማው የሚነካበትን ቦታ ፈለግሁ። የጎማውን ትከሻ በነጭ ጠመኔ ቀባሁት። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ነዳሁ። ወርጄ ሳይ ከጎማው ኋላ ያለው የውስጥ ፕላስቲክ ላይ የጣት ስፋት ያላት ነጭ መስመር አለች። ይህን ለአላይመንት ባለሙያው አሳየሁት። የታችኛው ክንድ ብሎኖች ሲዞሩ ክንዱን ወደ ፊት ይገፉታል። ጎማው ከፕላስቲኩ ይርቃል፤ ፊቱ ሲነሳ የቀነሰው ካስተርም ይመለሳል። ካስተር ማለት መሪውን ስትለቁት ራሱ ወደ መሃል እንዲመለስ የሚያደርገው ማዘንበል ነው። ድጋሚ ጠመኔ ቀባሁ። ፕላስቲኩ ንጹሕ ወጣ። መሪውም ከብዶ፣ ረግቶ ተመለሰልኝ።

መብራቱን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። በፊት ጎማና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3.085 ሜትር ነው። ፊቱ 3 ሴንቲ ሲነሳ መኪናው በ1 በመቶ ያህል ወደ ላይ ይጋደላል። መብራቱ 10 ሜትር ላይ በ10 ሴንቲ ከፍ አለ ማለት ነው። አጭር መብራት ደግሞ ከመጀመሪያው ወደ ታች የሚያዘነብለው በዚያው 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 3 ሴንቲ ያችን ማዘንበል ጠቅላላ ታጠፋታለች። ስፔሰሩን ከማስገባታችሁ በፊት ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ ፊት አቁማችሁ የመብራቱን ጠርዝ በጠመኔ አስምሩ። ከገጠማችሁ በኋላ እዚያው ቦታ አቁማችሁ በመብራቱ ብሎን አውርዱት። እኔ ያወረድኩት የተለመደ ጭነቴን ጭኜ ነው።

ስለ ነዳጅ ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። በ60 ሊትር 560 ኪሎ ሜትር ሄደች ብሎ ቆጣሪው ነገረኝ። ጎማው በ3.4 በመቶ ስላደገ ግን ቆጣሪው ያሳንሳል። እውነተኛው 579 ኪሎ ሜትር ነው። ከድሮዋ ትንሽ ጨምራ ትበላለች፤ ቆጣሪው የሚለውን ያህል ግን አይደለም። ፍጥነትም እንደዚያው። ድሮ ዳሽቦርዱ 80 ሲል ስልኬ 76 ይል ነበር፤ አሁን 79 ይላል።

ባለቤቴ የጎባ ልጅ ናት። ጥር ላይ ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴ አምባ አቋርጠን እስከ ሪራ መንደር ወረድን። መንገዱ ፒስታ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። አዲሱ ጎማ የሾለውን ድንጋይ ሲረግጥ የድሮው የሚያሰማው ጠንካራ ምት የለም። ከፍታው ላይ ሞተሩ ሲደክም ግን የጎማው ክብደት ይታወቃል፤ አንድ ማርሽ ዝቅ ብዬ ነው የወጣሁት።

ስንመለስ ጎባ ላይ ገብስ ጫንን፤ ሁለት ኩንታል ተኩል። አማቼ ግንበኛ ናቸው። መኪናዋን ደልዳላው ግቢ ላይ አቁሜ ሜትር ስስብ አዩኝና ገብተው ውሃ ልካቸውን ይዘው መጡ። በሩን ከፍተው ታችኛው ደፍ ላይ አስቀመጡት። ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

"ና እይ፣ መሃል ገብታለች" አሉኝ።

ገባ ብዬ አየሁ። የውሃ ልኩ አረፋ በሁለቱ መስመሮች መካከል ቆማለች።

የሚቀረኝ የኋላ ባሌስትራ ጎሚኒ ነው፤ ይጮሃል። መጋቢት ላይ እቀይረዋለሁ።