መጀመሪያ ምስሉ ይምጣ

እሁድ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ስፔን ከእንግሊዝ። ጨዋታው የሚጀምረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ቢሆንም እኔና ወንድሜ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠናል። እማዬም ቆሎ አቅርባ አብራን አለች። ኳስ ብዙ ባይገባትም እኛ ስንጮህ ማየት ደስ ይላታል። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ኒኮ ዊሊያምስ ለስፔን አገባ። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ መጣ።

የአዲስ አበባን የሐምሌ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው መንጫጫት ሲጀምር መጀመሪያ ድምፁ ተቆራረጠ። ቀጥሎ ሜዳው ወደ ትናንሽ አረንጓዴ ካሬዎች ተበታተነ፤ የአንዱ ተጫዋች ጭንቅላት በሌላው ትከሻ ላይ ቀረ። ከዚያ ሁሉም ጠቆረና "ሲግናል የለም" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ኮል ፓልመር አቻ ያደረገበትን ጎል አላየነውም። መግባቱን ያወቅነው ከአጥር ወዲያ በመጣው ጩኸት ነው።

ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ እኛ በየወሩ የምንከፍለውን የዚያኑ የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅት ዲኮደር ነው የሚጠቀሙት። ያው ዝናብ፣ ያው ሳተላይት፣ ያው ወርሃዊ ክፍያ። እነሱ ያያሉ፣ እኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አፍጥጠናል። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወንድሜ "በአፑ እንየው" አለና ስልኩን አወጣ። ድርጅቱ ያን ሰሞን ስለዚህ አፕ መልእክት ሲልክልን ነበር የከረመው። ሲከፍተው አፕዴት ጠየቀ። አፕዴቱ ሲያልቅ የይለፍ ቃል ጠየቀ፣ የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ የማረጋገጫ ኮድ ልኬያለሁ አለ፣ ኮዱ ደርሶ ከገባ በኋላ ደግሞ ፊት ለፊት የመጣው ጨዋታው ሳይሆን አዳዲስ አገልግሎቶችን የሚያስተዋውቅ ገጽ ነበር፤ "ቀጣይ" የሚለውን አራት ጊዜ ተጭኖ ነው ያለፈው። በመጨረሻ ምስሉ መጣ። ጥርት ያለ ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም። ግን 86ኛው ደቂቃ አካባቢ ጎረቤት እንደገና ሲጮህ እኛ ስልክ ላይ ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነው። ኦያርሳባል ሲያገባ እኛ ቤት ማንም አልጮኸም። ጎል እንደሚገባ ቀድመን ሰምተናላ።

በኢንተርኔት የሚመጣ የቀጥታ ስርጭት እንዲህ የሚዘገይበት ምክንያት አለው። ምስሉ በጥቂት በጥቂት ሰከንድ ተቆራርጦ ይላካል፣ እንዳይቋረጥም ስልኩ አስቀድሞ የተወሰነውን ያጠራቅማል። ከሳተላይቱ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ወደኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው። ለድራማ ምንም ማለት አይደለም። ለኳስ ግን ሁሉም ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ረጅም ሙዚቃ ከሰማሁ በኋላ ያገኘኋት ልጅ በትሕትና "ዲኮደሩን አጥፍተው ያብሩት" አለችኝ። ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደሚጠፋ፣ ጎረቤት ግን እንደማይጠፋበት ነገርኳት። ባለሙያ ይላካል ተባልኩ። ሐሙስ ድረስ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ሰፈራችን ውስጥ ዲሽ የሚሠራ ልጅ አለ፣ እሱን ጠራሁት።

ልጁ ጣሪያው ላይ ወጥቶ መጀመሪያ የነካው ዲሹን አይደለም። ከኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ለፊት ሲግናሉን ከሚቀበለው ዕቃ) ጀርባ ገመዱ የሚገባበትን ኮኔክተር ፈታና ወደ ታች አሳየኝ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ገመዱን ጫን ሲለው ውኃ ጠብ አለ። ስንት ክረምት እንዲህ እንደቆየ እግዜር ይወቀው። የገመዱን ጫፍ ጣት በምታህል ቆረጠ፣ መዳቡን ላጠ፣ አዲስ ኮኔክተር ገጠመ፣ በፕላስተር ጠቀለለ። ከዚያ ዲሹን በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገውና ከላይ ሆኖ "ኳሊቲው ስንት ይላል?" ብሎ ጮኸ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን የሲግናል ጥራት ቁጥር ማለቱ ነው። ከዚያ በፊት 48 ነበር። 81 ደረሰ። ጠቅላላ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ኮኔክተሩ ደግሞ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ዋጋ ነው ያለው።

ያን ክረምት ብዙ ዘነበ። ምስሉ አልፎ አልፎ ነው የጠፋው፣ ያም ለአፍታ።

እዚህ ላይ ለድርጅቶቹም ሚዛናዊ ልሁን። ዝናብን ማንም አያቆመውም። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው፣ እዚህ የሚደርሰው ሲግናል ደካማ ነው፣ ኬዩ ባንድ የሚባለው የእኛ ዲሾች የሚቀበሉት ሞገድ ደግሞ ርዝመቱ ወደ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወፍራም የዝናብ ጠብታ ይመጠዋል፣ ይበትነዋልም። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው። ሰው ማድረግ የሚችለው መጠባበቂያ መተው ነው። ሰፋ ያለ ዲሽ፣ በትክክል የተነጣጠረ አቅጣጫ፣ ውኃ የማያስገባ ኮኔክተር። ኳሊቲው 81 ከሆነ ዝናቡ ሠላሳውን ቢወስድበት እንኳ ምስሉ አይጠፋም። 48 ላይ ያለ ቤት ግን ሲደማምንም ይበቃዋል። በእኛና በጎረቤታችን መካከል የነበረው ልዩነት ይኸው ነው።

ያን ዓመት ድርጅቱ የላከልኝን መልእክቶች ስልኬ ላይ መለስ ብዬ አነበብኳቸው። አዲስ አፕ። በዲኮደሩ ላይ ጌም። "ለእርስዎ የተመረጡ" የሚል ረድፍ። በድምፅ መፈለጊያ (እማዬ "ዜና" ስትለው ምንም አላመጣላትም፣ አማርኛ አያውቅም)። ክረምት ሳይገባ ዲሻችሁን እንይላችሁ የሚል አንድም የለም። እኔ ደግሞ በየወሩ የምከፍለው ለምስሉ ነው። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው የሆነብኝ።

የእማዬ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እማዬ ሜኑ አትከፍትም። የምታየው አራት ጣቢያ ነው፣ የአራቱንም ቁጥር በቃሏ ታውቃለች። አንድ ሌሊት ዲኮደሩ ራሱን አፕዴት አደረገና ጠዋት ሁሉም ቁጥር ተቀይሮ አገኘችው። አዲሱ ገጽ ያማረ ነው፣ ፎቶው ትልልቅ ነው፣ ከላይ ማስታወቂያ ይዞራል። እሷ ግን የጠዋት ጸሎቷን የምትከታተልበትን ጣቢያ አጥታ ሁለት ቀን ቴሌቪዥን ሳትከፍት ቀረች፤ "ተበላሽቷል መሰለኝ" ነው ያለችኝ። ቴሌቪዥኑን እሷ ያበላሸችው መስሏት ነበር። ይህን ስትል አንጀቴ ተላወሰ። አዲሶቹን ቁጥሮች በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ከሪሞቱ ጀርባ በፕላስተር ለጠፍኩላት።

በዓለም ላይም ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። ስሪዲ ቴሌቪዥንን የሚያስታውስ አለ? እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው የስፖርት ቴሌቪዥን ኢኤስፒኤን ልክ በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ቀን የስሪዲ ጣቢያ ጀመረ፣ የእንግሊዙ ስካይም በዚያው ዓመት የራሱን ከፈተ። ቤተሰቡ ሁሉ መነጽር አድርጎ ሶፋ ላይ ይቀመጣል ተብሎ ነበር። ኢኤስፒኤን በ2013 ዘጋው፣ ስካይ በ2015። በዚያው በ2010 አሜሪካ ውስጥ ተመልካቹ በራሱ አንደበት ሲያማርር የነበረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁ ለምን ይጮሃል ነበር ጥያቄው። በዓመቱ መጨረሻ የማስታወቂያ ድምፅ ከፕሮግራሙ እንዳይበልጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ድምፁን ማስተካከያ መሣሪያ እያለ ሕግ እስኪወጣ ነው የተጠበቀው። እኛ ቤት እማዬ እስካሁን ማስታወቂያ ሲመጣ ወደ ሪሞቱ ነው የምትሮጠው።

ተቃራኒውን የሠሩም አሉ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ፊልሞቹን ሁሉ በአንድ መለኪያ መጭመቁን (ትንሽ ዳታ እንዲፈጁ ማሳነሱን) ትቶ እያንዳንዱን እንደ ይዘቱ ለየብቻ እንደሚጨምቅ አሳወቀ። ካርቱን ቀለሙ ወጥ ስለሆነ ጥቂት ዳታ ይበቃዋል፤ ጭስና የሕዝብ ግርግር ያለበት ትዕይንት ብዙ ይፈልጋል። ተመልካቹ ፊት የተጨመረ አንድም ቁልፍ የለም። ግን ያው ፊልም ባነሰ ዳታ፣ እንደውም በተሻለ ጥራት ይመጣል። ዳታ በጊጋ እየገዛ ለሚያይ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከእኛው አገር ልጥቀስ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ይዞ የመጣው ነገር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ። ብዙ ክርክር አስነስቷል፣ የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎችም ተቃውመውታል፣ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው ሰው ለምን እንደተቀበለው ነው። አክስቴ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ከዚያ በፊት የውጭ ፊልም የምታየው በግምት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማን ማንን እንደካደ ለእኛ ታስረዳን ጀመር። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩም ያው ነው የሆነው። ከናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ዲሽ ማዞር ቀላል ሥራ አልነበረም፣ ሰው ከፍሎ ነው ያስዞረው። የሚያየውን ጣቢያ ማግኘት ስለፈለገ ጣሪያው ላይ ወጣ።

ስለዚህ አዲስ ነገር ሁሉ አይምጣ እያልኩ አይደለም። የማታ ተረኛ ለሆነች ነርስ ፕሮግራም መቅዳት መቻል ትርፍ ነገር አይደለም፣ ካልቀዳች አታይማ። መስማት ለተሳነው ሰው የአማርኛ ጽሑፍ ከምስሉ እኩል ነው፣ እንደውም እኛ አገር በጣም የዘገየ ነገር ነው። በአማርኛ የሚተላለፍ ኳስም እንደዚያው። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፤ የከፈልኩበትን ነገር እንዳይ፣ እንድሰማ፣ በቀላሉ እንዳገኝ ይረዳኛል ወይ? ከረዳኝ ዋናው አገልግሎት ነው፣ ስሙ አዲስም ቢሆን። ዲኮደሩ ላይ የተጫነው ጌም ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዲኮደሩ እስኪነሳ የምንጠብቀውን ጊዜ አላሳጠረልንም።

ድርጅቶቹ ለምን ወደ አዲሱ እንደሚሮጡ ይገባኛል። አዲስ አፕ ይመረቃል፣ ፖስተር ይሠራለታል፣ ታዋቂ ሰው ቆሞ ያስተዋውቀዋል። ለኮኔክተር ሪባን አይቆረጥም። የጥሪ ማዕከሉ ስልክ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተነሳ ብሎ ማንም መግለጫ አይሰጥም። ግን ደንበኛው ክፍያውን ሳያድስ የሚቀረው በእነዚህ ነው፤ ጌም ስለሌለ ፓኬጅ ያቋረጠ ሰው እኔ አላውቅም፣ በክረምት ተማሮ ዲኮደሩን ቁም ሳጥን ውስጥ የከተተ ግን ከሰፈሬ ብቻ ሦስት ቤት እቆጥራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ መልእክት ደረሰኝ፣ ሜኑው እንደገና ሊታደስ ነው ይላል። ወዲያው ደወልኩ። የጣቢያ ቁጥሮቹ እንዳይቀየሩ፣ ከተቀየሩም ደንበኛ የራሱን ቁጥር የሚሰጥበት መንገድ እንዲኖር፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትም ዲሽ የሚያይ ሰው እንዲላክ ጠየቅኩ። ልጅቷ ሦስቱንም መዝግባ መልሳ አነበበችልኝ። ስልኩን ስዘጋ እማዬ ሪሞቱን ገልብጣ ወረቀቱን እያየች "ይኼ ይነሳል?" አለችኝ። ለጊዜው ይቆይ አልኳት።